እማዬ፣ ራስሽ ውስጥ ስላየነው ነገር

ለውዷ እናቴ፣ ለእማዬ፤

ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። «እንደምን ሰነበትሽ» ልልሽ አሰብኩና ያለሽበትን አገር ስለማላውቀው ተውኩት። እኛ ደኅና ነን። አገር ቤት ይጁቤ ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ ወንድሜ አለልኝ የስንዴው ማሳ ውኃ ተኛበትና ሲያማርር ሰንብቷል። የአረቄ ቤትሽ እንዳይፈርስ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሶታል፤ አሁን እህል ይቀመጥበታል። ሚስቱ ግድግዳውን በኖራ ብትለቀልቀውም የጭሱ ጥቁረት ከሥር እየወጣ አስቸግሯታል። በር ላይ የነበረውን ትልቁን ባሕር ዛፍም ቆረጥነው። አንቺ ብትኖሪ «ለምን ቆረጣችሁት?» ትይን ነበር። ምክንያቱን ስንነግርሽ ደግሞ «ወዴት በኩል ወደቀ? ማን ጎተተው? ጉቶውስ?» እያልሽ ትቀጥዪ ነበር።

እንደዚያ ነበርሽ። ፊደል ባትቆጥሪም አንቺን ያህል የሚጠይቅ ሰው አላውቅም። ከደብረ ማርቆስ የምልክልሽን ደብዳቤ መምሬ ጥበቡ ሲያነቡልሽ በየመስመሩ እያስቆምሽ ትጠይቂያቸው ስለነበር «የልጅሽን ደብዳቤ ከማነብ ዳዊት ብደግም ይቀለኛል» ይሉሽ እንደነበር አጫውተውኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ የለም። ግን የምጽፈው ነገር የሆነው በአንቺው ራስ ውስጥ ነው፤ የራስሽን ነገር ሳታውቂ መቅረት ደግሞ አትወጂም። በጊዜው የነገርንሽም ቢሆን በማግሥቱ ከአንቺ ጋር አልነበረም። ስለዚህ አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው በመርሳት አልነበረም፤ በአፍንጫሽ ነበር። አረቄ ስታወጪ ከእንስራው እንፋሎቱን ከሚያወርደው መቃ ጫፍ የሚንጠባጠበውን በመዳፍሽ ተቀብለሽ ታሺውና ወደ አፍንጫሽ ታስጠጊው ነበር። ቀምሰሽ አታውቂም። «ይኼ ገና ነው፣ ይኼ ደረሰ፣ ይኼ ውኃ በዛው» የምትይው በጠረኑ ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ አጠገብሽ ተቀምጬ አይሽ ነበር። አንድ ቀን «ውኃውም አረቄውም አንድ እንስራ ውስጥ ነው ያሉት፤ እሳቱ ለምንድን ነው አረቄውን አስቀድሞ የሚያወጣው?» ብለሽ እኔን ጠየቅሽኝ። አላወቅሁም። አንቺም አላወቅሽም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ምረጪ ስባል ያላመነታሁት በዚያ ጥያቄ ይመስለኛል።

ታዲያ አንድ ዓመት ድፍድፉ ከእንስራው ሥር አርሮ ጠረኑ ግቢውን ሲሞላው አንቺ እሳቱ አጠገብ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ተገኘሽ። የአለልኝ ሚስት ሮጣ መጥታ «እማማ፣ አይሸትዎትም?» ስትልሽ «ምኑ?» አልሻት። ጉንፋን ነው ብለን ተውነው። ዳማከሴና ዝንጅብል አፍልተሽ ታጠንሽ፤ ምንም አልተለወጠም። አረቄሽን የሚወስዱት ነጋዴዎች «ዘንድሮ ምን ሆነብሽ?» ማለት ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ይህ በሽታ በብዙ ሰው ላይ ስም ማስረሳት ከመጀመሩ በፊት ሽታ እንደሚያጠፋ ሲነግረኝ፣ ያ ያረረ ድፍድፍ ነው ትዝ ያለኝ። ለምን ከአፍንጫ እንደሚጀምር ብጠይቀው፣ ለአፍንጫ የሚያገለግለውና ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ጎረቤታሞች እንደሆኑ ነገረኝ። እኔ ግን ያልመለሰልኝ ነገር እንዳለ ተሰማኝ። አንቺ ብትሆኚ አትለቂውም ነበር።

ከአፍንጫሽ ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነው፤ የእትዬ ማንጠግቦሽ ነገር።

እንዴት እንደነበራችሁ ለአንቺ አልነግርሽም። እኔን ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው፣ የእሳቸውን ልጆች ያዋለድሽው አንቺ። ያልተነጋገራችሁበት ቀን ካለ አንዳችሁ ታማችኋል ማለት ነበር። ያን ዓመት የማርያም ማኅበር ቤታችን ሲውል፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ብድግ ብለሽ «የጥምቀት ቀሚሴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ፤ በዓይኔ አይቼሻለሁ» አልሻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ስትደግሚው ግን ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። መምሬ ጥበቡ ሁለታችሁንም ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ አንቺ መስቀል መትተሽ ማልሽ። ቀሚሱ በኋላ ብቅል ከምታስቀምጪበት ጎታ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። አለልኝ ይዞልሽ ሲመጣ ደስ የሚልሽ መስሎን ነበር። አንቺ ግን «አያችሁ? ስትፈራ አምጥታ ሸሸገችው» አልሽ። ይህንንም ሰው ሰምቶ ለእትዬ ማንጠግቦሽ አደረሰላቸው። ከዚያ በኋላ በቤታችን በር ማለፍ ትተው ወደ ገበያ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመሩ።

አንቺ ክፉ ሰው አልነበርሽም። እሳቸውም ሌባ አልነበሩም። ታዲያ ምን ሆነ? ይህ ጥያቄ ነው ያስጓዘን። አለልኝ ጸበል እንውሰዳት አለ፤ እኔ ሐኪም አልኩ። ተጨቃጨቅን። ጥግ ላይ ሆነሽ ስትሰሚን ቆይተሽ «ሁለቱም ይሁን፤ ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክለው» ብለሽ ፈረድሽ። ስለዚህ አስቀድሞ ከአለልኝ ጋር ጸበል ሰነበትሽ፤ ከዚያ እኔ ጋ ደብረ ማርቆስ መጣሽና በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረድን።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ መስኮቱ ጋ ነበርሽ። «ይኼ ወንዝ ማን ይባላል?» አልሽኝ። «ዓባይ ነው» አልኩሽ። «ኧረ! ዓባይ ይኼ ነው?» ብለሽ አጨበጨብሽ። ጥቂት ዞረን እንደገና ሲታይ «ይኼ ወንዝ ማን ይባላል?» አልሽ። እንደገና ነገርኩሽ፤ እንደገና አጨበጨብሽ። በኋላማ ፊታችን የተቀመጡት ሰዎች፣ ከዚያም ረዳቱ፣ በየመታጠፊያው «ዓባይ ነው እማማ!» እያሉ አብረው ይመልሱልሽ ጀመር። አንድም ጊዜ መደነቅሽ አልቀነሰም። እኔ ፊቴን አዙሬ ያለቀስኩት ስለማዝን ብቻ አልነበረም። ወንዙን ባየሽ ቁጥር የምትደሰቺው ያው ደስታ ከየት ይመጣል? መርሳት ደስታውን ሳይወስድ ስሙን ብቻ እንዴት ለይቶ ይወስዳል? እያልኩ ነበር።

አዲስ አበባ አንዲት የነርቭ ሐኪም ብዙ ነገር ጠየቀችሽ። ቀኑን፣ ወሩን፣ የሦስት ዕቃ ስም። ሲያቅትሽ ወደኔ ዞረሽ «ምን ያደርግላታል?» አልሽኝ። ከዚያ ኤም አር አይ ወደሚባለው ማሽን ላከችን። በማግኔት የሚሠራ ነውና ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይውለቅ ተባለ። የፀጉርሽን ወስፌ አወጣሁ። የአንገትሽን መስቀል ሲጠይቁሽ ግን «ማተቤንማ አልበጥስም» ብለሽ አንገትሽን በሁለት እጅሽ ያዝሽ። ማሽኑን የምታዘው ልጅ አልተቆጣችሽም። «ክሩ ይቆይ እማማ፤ መስቀሉን ብቻ ልጅዎ ትያዝልዎ» አለችሽ። ክሩ አንገትሽ ላይ ቀረ፤ መስቀሉን እኔ ጨብጬ ውጭ ቆምኩ።

ጩኸቱን ታስታውሺው ይሆን? ከግድግዳው ወዲያ እንኳ ጥርስ ያንቀጠቅጥ ነበር። እኔ ትነሻለሽ፣ ትጮኺያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ ግን ንቅንቅ ሳትይ ተኛሽ። ሲያወጡሽ የመጀመሪያ ቃልሽ «ውስጥ ሆኖ የሚመታው ማነው?» የሚል ነበር።

አሁን ልነግርሽ ወደ ተነሣሁበት ነገር ደረስኩ። ሥዕሉን የሚያነበው ሐኪም ወጣት ነው፤ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ። ወንበር ስቦ ሁለታችንንም ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠን። አስቀድሞ የአንጎልሽን ሥዕል አሳየን፤ ለማስታወስ የሚያገለግለው አካባቢ ሳስቶ መቅጠኑን በጣቱ ጠቆመን። «ዛሬ ግን ሌላ ነገርም ሠርቼላቸዋለሁ» አለኝ። ማሽኑ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውኃ ነው፤ ሥዕሉም ከዚያ ነው የሚሠራው። የውኃውን ድምፅ ዝም ካስባሉት ግን ከሥሩ ያሉት ሌሎች ኬሚካሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቃና በቀስታ ይሰማሉ። ከአንጎልሽ መካከል፣ ወደ ኋላ በኩል፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ መርጦ አዳምጧል። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሥዕሉ ጠፍቶ አንድ መስመር ወጣ፤ እንደ ጮቄ ተራሮች እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ የሚል።

እማዬ፣ ደነገጥኩ። ያንን ዓይነት መስመር አውቀዋለሁ! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለውን መስመር የሚያወጣ ማሽን አልነበረንም፤ በመጽሐፍ ብቻ ነው የተማርነው። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያነበው የሚሰጠው ደግሞ የአልኮል መስመር ነው፤ ያው ከመቃሽ ጫፍ የሚንጠባጠበው ነገር። ያኔ የአልኮሉን ሦስት ጉብታዎች ስሥል አንቺን እያሰብኩ እስቅ ነበር። አሁን በዚያው ዘዴ የአንቺን አንጎል እያየሁ ነው።

ሐኪሙ አንድ በአንድ አሳየኝ። «ይህ ረጅሙ ኤን አሴቲል አስፓርቴት ይባላል፤ የሚገኘው በነርቭ ሴሎች ውስጥ ነው። እሳቸው ላይ በዕድሜያቸው ከምንጠብቀው ዝቅ ብሏል። ይህ ደግሞ ማዮ ኢኖሲቶል ነው፤ የስኳር ዘመድ ነው። የነርቭ ሴሎቹን የሚደግፉት ሴሎች ሲበዙና ሲቆጡ ይጨምራል። እዚህ ጨምሯል።» ከዚያ እጁን ከኮምፒዩተሩ አንሥቶ ወደኔ ዞረ። «ይህ መስመር ብቻውን ዳኛ አይደለም። ታሪካቸው፣ ያልመለሷቸው ጥያቄዎች፣ የአንጎላቸው መሳሳት፣ ይህም ተጨምሮ ነው አልዛይመር ነው የምንለው።»

አለልኝ አደራ ያለኝን ጠየቅሁት፦ «አረቄው ይሆን ያመጣባት?»

«ይጠጣሉ?»

«ቀምሳው አታውቅም።»

«እንግዲያው አረቄውን ተዪው» አለኝ።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር አንቺ ሙዝ እየበላሽ መስመሩን አተኩረሽ ትመለከቺ ነበር። ድንገት «የኔን ራስ ነው የምታዩት?» አልሽው።

«አዎ እማማ።»

«ባዶ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሙሉ ነው፤ ትንሽ ጎደለ እንጂ።»

«የጎደለው ታዲያ ወዴት ሄደ?»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ አንቺ አዞረ። «እማማ፣ እኛም እሱን ነው የምንፈልገው» አለሽ።

«ስታገኙት ንገሩኝ» ብለሽ ሙዝሽን ቀጠልሽ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄሽን ይዤው ነው የምዞረው። ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። አንዳንዱ ተመራማሪ በሴሎቹ መካከል የሚጠራቀም ፕሮቲን ነው ይላል፣ ሌላው ሴሉ ውስጥ የሚተበተበውን ይከሳል። ወዴት ሄደ ለሚለው ግን «ጠፋ» ከማለት ያለፈ ያነበብኩት የለም። «ጠፋ» ደግሞ አንቺን የሚያጠግብ መልስ አልነበረም።

መድኃኒት የሚያድን አልሰጡሽም፤ የሚያዘገይ ሊሆን ይችላል ያሉትን ብቻ ይዘን ተመለስን። አለልኝ ሥዕሉና መስመሩ የታተሙበትን ፊልም ከፍ አድርጎ በፀሐይ አየውና «ይህን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ስሙን ብቻ ይዛችሁ መጣችሁ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ስሙን ይዤ የምሄድበት ቤት ነበረኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ እያሰጡ አገኘኋቸው። ግቢ አላሉኝም። የእናት ያህል ያሳደጉኝ ሴት ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ፊልሙን አወጣሁ።

«እኔን ፊልም ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ቆይተው ግን ዓይናቸው ወደ እጄ ሄደ። «የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው። የሳሳውን አሳየኋቸው፤ መስመሩን አሳየኋቸው፤ ይህ ቀነሰ፣ ይህ ጨመረ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጠልታኝ አይደለም?»

«አይደለም እትዬ። ቀሚሱን ጎታ ውስጥ ስታስቀምጥ ያየችውን የሚይዝላት ቦታ ታሟል። ሐኪሙ እንዳለኝ አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ጎደሎውን በቅርብ ባገኘው ይሞላዋል። ለእሷ ከሰው ሁሉ ቅርቧ ደግሞ እርስዎ ነበሩ።»

 ወደ ጌሾአቸው ተመለሱ። እኔም ፊልሙን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሳምንታት አለፉ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ስል እትዬ አልመጡም። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔም ከማርቆስ መጥቼ አጠገብሽ በነበርኩበት፣ በሩ ላይ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ቀና ብለሽ አየሻቸው። 

«ግቢ እሜቴ፤ እንግዳ ነሽ?» አልሻቸው።

አላወቅሻቸውም። ገብተው አጠገብሽ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወራችሁ። ከዚያ ለማታውቂው ሰው ምሥጢር እንደሚያዋይ ሰው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለሽ «ማንጠግቦሽ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቀሚሴን ወሰደችብኝ» አልሽ።

እኔ ልናገር ስል በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። «ታዲያ ምን ታደርጊያታለሽ?» ብለው ጠየቁሽ።

ብዙ አሰብሽ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አስበሽ ስትመልሺ አላየሁሽም። «ምን አደርጋታለሁ? ቀሚሱን ትልበሰው። ብቻዋን ምን ትሠራለች? ትምጣልኝ እንጂ፤ ናፈቀችኝ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሲያነሡት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉሽ። ከዚያ ቅቤ አምጡልኝ ብለው ፀጉርሽን ፈትተው ቀቡሽ፤ አንቺም እንደ ሕፃን ዓይንሽን ጨፍነሽ ተቀባሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታርፊ ድረስ አልተለዩሽም። ያጠቡሽ፣ ያጎረሱሽ እሳቸው ናቸው። አንቺ «ያቺ ደግ ሴትዮ ዛሬም ትመጣለች?» ትይ ነበር እንጂ ማንጠግቦሽ መመለሷን አላወቅሽም። ይህን ነው ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት፤ ለመንገር ረፍዶብኝ እንደሆነ አላውቅም። ያቺ ደግ ሴትዮ እሳቸው ነበሩ፣ እማዬ። ነግረዋታል። መጥታልሻለች። ስትሸኚም ከፊት ሆነው፣ እኔን ደግፈው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደዋል። ማኅበሩም አልፈረሰም፤ ያንቺን ተራ የአለልኝ ሚስት ትዘክራለች፣ እትዬም መጀመሪያ ከሚደርሱት ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጄ ሕይወት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ጥያቄዋ የአንቺ ነው። በቀደም ፊልምሽን ስታይ «አያቴ አንቺን የምታስታውስበት ኬሚካል የቱ ነበር?» አለችኝ። አንድ ኬሚካል እንዳልሆነ፣ ስንት እንደሆነም እንደማላውቅ ነገርኳት። ቀጥላ «አንቺስ ትረሺኝ ይሆን?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እኔም የሰው ስም ሲጠፋኝ እፈራለሁ። ወጡ ሲቁላላ እየሄድኩ አሸትታለሁ፤ ሲሸተኝ ተመስገን እላለሁ። ያ ሐኪም ብትፈልጊ ያንቺንም እናያለን ብሎኝ ነበር። ለጊዜው አልሄድኩም።

እማዬ፣ የሞተ ሰው አይረሳም ብሎ መማል ቀላል ነበር፤ ራስሽ ውስጥ ያየሁትን ከማየቴ በፊት። አሁን መሐላዬ በምን ላይ እንደቆመ አውቃለሁ፤ ከውኃው ሥር በቀስታ በሚሰማ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም። እስካለኝ ድረስ ግን አስብሻለሁ። ለሕይወትም ያረረውን ድፍድፍ፣ ዓባይን፣ እትዬን፣ ሁሉን ነግሬአታለሁ፤ ስሳሳት ታርመኛለች። ከእኔ ቢጎድል ከእሷ ዘንድ እንዲገኝ ነው።

ልጅሽ